የጎጃም ቀጥቃጮች

ቀጥቃጭ ብረትን በእሳት አግሎና በመዶሻ ቀጥቅጦ ቢላዋ፣ ካራ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያ፣ ማረሻና ሌሎች መሣሪያዎችን የሚሠራ የእጅ ባለሙያ ነው። በጎጃም ደጋ፣ በደብረ ማርቆስና በዙሪያው ባሉ ገጠሮች፣ ሙያው ለረጅም ዘመን ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖሯል። ወርቅና ብር የሚሠራው አንጥረኛ ይባላል፤ በንግግር ግን ሁለቱ ስሞች ብዙ ጊዜ ይቀላቀላሉ። ሌላው መጠሪያ «ጠይብ» ከግዕዙ «ጠቢብ» ጋር አንድ ሥር አለው። ብልህ ማለት የነበረው ቃል ከጊዜ በኋላ ስድብ ሆኖ ቀርቷል።

የሚሠሯቸው ስለቶች

ከሁሉ በላይ በየቤቱ የሚገኘው ቢላዋ ነው። ሽንኩርት ይከተፍበታል፣ ዶሮ በ12 ብልት ይገነጠልበታል። ካራ ጠንከር ያለ ሲሆን ለከብት እርድና ሥጋ ለመመደብ ያገለግላል፤ በመስቀልና በፋሲካ ጎረቤት ተሰባስቦ ቅርጫ ሲገባ ያለ እሱ አይሆንም። ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰው ጫፉን በጥርሱ ይዞ ከአፉ አጠገብ ስለሚቆርጥ፣ የደነዘ ቢላዋ ለእሱ ከማስቸገር አልፎ አደገኛ ነው። ጤፍና ስንዴ በማጭድ ይታጨዳል።

ጎራዴ ሌላ ታሪክ አለው። ቀጥቃጮች ጦርና ጎራዴ ይሠሩ የነበረ ቢሆንም፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ መኳንንት ከታጠቋቸው ጎራዴዎች ብዙዎቹ ስለታቸው ከአውሮፓ የመጣ ነው፤ በተለይ ከጀርመኗ የዞሊንገን ከተማ። እጀታና አፎት ብቻ እዚህ ይበጅላቸው ነበር።

አሠራር

ከውጭ የሚገባ ብረት እየበዛ ሲሄድ አፈር አቅልጦ ብረት ማውጣት ቀረ፤ ቀጥቃጩም ያገለገለ ብረት መልሶ መሥራት ያዘ። ለቢላዋ ተመራጩ የመኪና ባሌስትራ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ባሌስትራ ከ0.5 እስከ 0.6 በመቶ ገደማ ካርቦን ስላለው ግሎ ውኃ ውስጥ ሲነከር ይጠነክራል። ለግንባታ የሚውለው ተራ ፌሮ ግን ካርቦኑ አነስተኛ ስለሆነ ምንም ያህል ቢቀጠቀጥ ስለቱ ቶሎ ይደነዝዛል። ሁለቱ አዲስ ሲሆኑ በዓይን አይለዩም፤ ገዥው የሚያውቀው ቤቱ ወስዶ ከሠራበት በኋላ ነው።

ምድጃው መሬት ውስጥ የተቆፈረ ትንሽ ጉድጓድ ሲሆን ከሰል ይሞላበታል። ከፍየል ወይም ከበግ ቆዳ የተሠሩ ሁለት ወናፎች ተራ በተራ እየተነፉ እሳቱ ሳይቋረጥ ነፋስ እንዲያገኝ ያደርጋሉ። የሚነፋው አብዛኛውን ጊዜ ልጅ ወይም ሌላ የቤተሰብ አባል ነው፤ ብዙዎች ሙያውን የሚጀምሩትም ከወናፍ ነው። ብረቱ ሲግል በጉጠት ተይዞ መስፍ ላይ ይቀጠቀጣል፤ ሲቀዘቅዝ ወደ እሳት ይመለሳል።

ዋናው ብልሃት ማጠንከሩ ላይ ነው። ቀጥቃጩ ሙቀት መለኪያ የለውም፤ የሚያየው ቀለም ነው። ብረቱ እንደ በሰለ ቲማቲም ሲቀላ፣ ማለትም ወደ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ፣ ስለቱ ውኃ ውስጥ ይነከራል። የቀለሙ ልዩነት በፀሐይ ብርሃን ስለማይለይ ሥራው ጥላ ወይም ጨለም ያለ ጎጆ ይፈልጋል። እንዲሁ ከተተወ ግን እንደ መስተዋት ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ እንደገና በመጠኑ ይሞቃል፤ ሲጸዳ ላዩ ላይ እንደ ገለባ ያለ ቢጫ ወይም ቡናማ ቀለም ብቅ ሲል ይበቃዋል። በመጨረሻም በሞረድና በድንጋይ ይሳላል። ጭራው ግሎ ወደ ወይራ እንጨት ወይም ወደ ቀንድ እየተቃጠለ ይገባና እጀታ ይሆናል።

በኅብረተሰቡ ውስጥ ያላቸው ቦታ

ገበሬ ያለ ቀጥቃጭ አያርስም፤ የማረሻው ጫፍ በድንጋያማ መሬት ላይ እየተበላ ስለሚያጥር በየጊዜው መቀጥቀጥ አለበት። በብዙ ቦታ ዋጋው በመከር ጊዜ በእህል ይከፈል ነበር። ይህ ሁሉ እያለ ቀጥቃጭ «ቡዳ» ይባላል፦ በዓይኑ ሰው ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ይሉታል። ከቤተሰቡ ጋር መጋባት ነውር ነበር፤ አብሮ መብላትም የሚሸሽበት ቦታ ነበር። ብረቱ ራሱ ግን ይታመናል። አራስ ሴት ከቤት ስትወጣ ክፉ መንፈስ እንዳይነካት ቢላዋ ወይም ሌላ ብረት እንድትይዝ የሚመከርበት ልማድ አለ፤ ያ ቢላዋ የተሠራው ግን በሚፈራው ሰው እጅ ነው።

ብረትን በእሳት የሚገዛ ሰው ልዩ ኃይል አለው የሚለው እምነት በኢትዮጵያ ብቻ የተወሰነ አይደለም። በኢንዶኔዥያ ጃቫ ደሴት ክሪስ የሚባለውን ጠመዝማዛ ወይም ቀጥ ያለ ጩቤ የሚሠራው ባለሙያ «ኤምፑ» ይባላል፤ ሥራውን በጾምና በጸሎት ይጀምር ነበር። ጩቤው መንፈስ አለው ተብሎ ስለሚታመን ኤምፑው በቤተ መንግሥት ሳይቀር ይከበር ነበር። ዩኔስኮ ክሪስን እ.ኤ.አ. በ2008 በማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር አስፍሮታል። እምነቱ ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ እዚያ ክብር፣ እዚህ ስድብ ማምጣቱ ከብረቱ ይልቅ ከመሬት ሥሪት ጋር ሳይያያዝ አይቀርም። በጎጃም ርስት የሚገኘው ከአቅኚ አባት በመወለድ ነበር፤ ዘሩን ከአቅኚው መቁጠር የማይችል የእጅ ባለሙያ ደግሞ የሌላውን መሬት በጥገኝነት ይዞ ይኖር ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ቆዳ ፋቂውንና ሌላውን ባለሙያ በሥራው መስደብን ከልክለው ተሳዳቢ እንዲታሰር አዘዋል። አዋጁ ከሰሚው ሁሉ ልብ አልገባም። የበለጠ የቀየረው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ነው፤ መሬት የማግኘት መብትን ከዘር ቆጠራ ነጥሎ ለማረስ ፈቃደኛ ለሆነ ሁሉ ሰጠ።

ዛሬ በከተማ ገበያ ከውጭ የመጣ የማይዝግ ቢላዋ የቀጥቃጩን ሥራ እየተጋፋው ነው። የሙያው ስድብ በብዙ ቀበሌ ስላልጠፋ የቀጥቃጭ ልጆች ትምህርት ሲያገኙ ወናፉን ትተው ይሄዳሉ። ያጠረ ማረሻ ግን አሁንም ወደ ቀጥቃጩ ምድጃ ይመለሳል።