ደቻቱ የመጣ ሌሊት

ድሬዳዋን ለማታውቁ አስቀድሜ ደቻቱን ላስተዋውቃችሁ። ወንዝ ይባላል እንጂ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። በወዲህ የከዚራ ሰፈር፣ በወዲያ የመጋላ ሰፈር፤ መሀሉ ላይ ልጆች ኳስ ይራገጡበታል፣ ግመል ይሻገርበታል፣ ነጋዴ ሸራውን ዘርግቶ ይሸጥበታል። እኛም ዳሩ ላይ የጭቃ ቤት ሠርተን ኖርን። ማን ይፈራዋል?

ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ነው፣ ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ። ሌሊቱን ደጋው ላይ ዝናብ ሲጥል አድሯል። በደንገጎ በኩል ያለው ተራራ ዛፉ ተመንጥሮ አልቋል፤ የወረደውን ሁሉ ቁልቁል ይለቅቀዋል።

ታዲያ ስሙኝ፤ ከውሃው በፊት የመጣው ድምፁ ነው። ቋጥኝ ከቋጥኝ እየተላተመ መሬቱ ይንቀጠቀጣል። አባቴ "ባቡር ነው" አለ። እናቴ "በዚህ ሰዓት የምን ባቡር!" ብላ ብድግ አለች። ወዲያው ጎረቤታችን ከውጭ "ወሪያ ውጡ! ደቻቱ መጣ!" ብላ ጮኸች። በሩን ስንከፍት ጭቃው ጉልበታችን ደረሰ። እናቴ ታናሼን በነጠላዋ ጀርባዋ ላይ አስራ፣ እኔን በክንዴ እየጎተተች፣ ከኋላችን ያለው የግንብ ቤት ጣሪያ ላይ ወጣን። ያቺ የቀሰቀሰችን ጎረቤትም አንዱን ልጇን አቀብላን ሌላውን ልታመጣ ተመለሰች። አልመጣችም። ነፍሷን ይማር፤ እኛ የተረፍነው በእሷ ጩኸት ነው።

ሲነጋ ውሃው የለም፤ ሄዷል። ሰፈሩም የለም። አንዲት ፔጆ ታክሲ እስከ ጣሪያዋ አሸዋ ውጧታል። አካፋ ያለው በአካፋ፣ የሌለው በእጁ ይቆፍራል። የወጣውን አስከሬን ሁሉም የራሱ አድርጎ ያለቅስለታል፤ የማን ዘር ነው፣ ሃይማኖቱ ምንድን ነው ያለ ሰው አላየሁም። ከ250 በላይ ሰው አለቀ፤ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋው ቤት አልባ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ዳርቻው ላይ መከላከያ ግንብ ተሠርቷል፤ ደግ ተደረገ። ተራራው ግን ዛፍ ይፈልጋል። እስከዚያው፣ ደቻቱ ዳር ያላችሁ ወገኖቼ፣ በደንገጎ በኩል መብረቅ ሲያብለጨልጭ ካያችሁ እናንተ ዘንድ ጠብታ ባይወርድም ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ከፍታው ውጡ፤ ጎረቤታችሁንም ቀስቅሱ።