የይለፍ ቃል ለምን ያረጃል? ከኤምአይቲ እስከ ጉብርዬ

ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ጉብርዬ ላይ ሲከፈት የጋራ ኮምፒውተር ለብዙው ተማሪ አሳይመንት መተየቢያ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ግን የመውጫ ፈተናው በኮምፒውተር ሆኗል። የወልቂጤም የቡታጅራም ልጅ የለፋበትን ዲግሪ የሚያገኘው የመጠቀሚያ ስሙንና የይለፍ ቃሉን አስገብቶ ተፈትኖ ሲያልፍ ነው። «የይለፍ ቃልዎ ጊዜው አልፎበታል» የምትለው ዓረፍተ ነገር ዛሬ ቀልድ አይደለችም።

የይለፍ ቃል ወደ ኮምፒውተር የገባው ሌባ ተፈርቶ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካው ኤምአይቲ ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቹ አንድን ማሽን ለብዙ ሰው የሚያካፍል ሥርዓት ሠሩ። ማሽኑ ውድ፣ ሰዓቱ በራሽን ነበር። የይለፍ ቃሉ የእያንዳንዱን ድርሻ ይጠብቃል። ታዲያ በ1962 አለን ሼር የተባለ የዶክትሬት ተማሪ በሳምንት የተሰጠው አራት ሰዓት አልበቃ ቢለው የሁሉንም የይለፍ ቃል የያዘውን ፋይል አሳትሞ ወሰደ። ያመነውም ከ25 ዓመት በኋላ ነው። (የእኛ ተማሪ ቢሆን ኖሮ ዲስፕሊን ኮሚቴ ፊት ይቆም ነበር።)

ሌላ ጊዜ ደግሞ በፋይል መደበላለቅ የተነሳ የሁሉም የይለፍ ቃል ለገባው ሰው ሁሉ ስክሪኑ ላይ ተዘረገፈ። ያኔ ሁሉም መቀየር ነበረበት፤ ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ ምስጢሩ ወጥቷል።

ያለ ምክንያት፣ በቀን መቁጠሪያ ብቻ መቀየር የመጣው ቆይቶ ነው። የአሜሪካ መከላከያ በ1985 ባወጣው መመሪያ የአንድ የይለፍ ቃል ዕድሜ ከዓመት እንዳይበልጥ መከረ። እየዋለ እያደረ ዓመቱ ወደ 90 ቀን ወረደ፣ ዓለምም ተቀበለው። የሚሠራ መሆኑን የመረመረ ግን ጥቂት ነው። በ2010 የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ10,000 በላይ የተዘጉ የዩኒቨርሲቲ አካውንቶችን ወስደው ፈተሹ። አሮጌውን የይለፍ ቃል የሚያውቅ ሰው ከመረመሯቸው አካውንቶች በ41 በመቶው አዲሱን በሴኮንዶች ውስጥ ይደርስበታል። ሰው መጨረሻ ላይ ያለችውን 1 ወደ 2 እየለወጠ ነበር ለካ!

በ2017 የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም ምክሩን ገለበጠ፦ ምስጢሩ ለመውጣቱ ምልክት ከሌለ በየጊዜው ቀይሩ አትበሉ አለ። የቀድሞውን የ2003 መመሪያ የጻፈው ቢል በርም መጸጸቱን ለጋዜጣ ተናግሯል።

በጋራ ላብ ውስጥ አደጋው ሌላ ቦታ ነው፦ ሳይወጣ ተነስቶ የሄደ ተማሪ፣ ለጓደኛ የተነገረ የይለፍ ቃል፣ ተመርቆ ከሄደ በኋላም ያልተዘጋ አካውንት። እነዚህን 90 ቀን አይነካቸውም። ክረምቱን ቡታጅራ ቤተሰቡ ዘንድ ያሳለፈውን ልጅ ግን ይነካዋል፤ ሲመለስ አካውንቱ ተዘግቶ ያገኘዋል፣ ለማስከፈትም መታወቂያውን ይዞ ቢሮ በር ላይ ይሰለፋል።