ስለ ቆዳ ዕቃ ክብርና ስለ ፋቂ ስም

በእብናትና በደብረ ታቦር ደጋ ገበሬው እህሉን በስልቻና በአቅማዳ ይጭን፥ በቁርበት ይተኛ ነበር፤ ካህኑም ዳዊቱን በማኅደር ከትቶ ያነግተው ነበር። ቆዳውን አልፍቶ ይህን ሁሉ የሚያዘጋጀው ባለሙያ ግን «ፋቂ» እየተባለ ይናቅ ነበር። ስሙ ጠጉርን ከቆዳ ከመፋቅ የመጣ የሥራ ስም ሲሆን ለስድብ ዋለ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ ማስነገራቸው ነገሩ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደ ነበረ ያስረዳል።

በአንጻሩ የፓሪስን ታሪክ እንመልከት። ራስ ዓሊ በደብረ ታቦር ተቀምጠው በሚገዙበት ዘመን፥ በ1829 ዓ.ም.፥ ቲዬሪ ኤርሜስ የተባለ ሰው በፓሪስ የፈረስ ዕቃ መሥሪያ ቤት ከፈተ። የዚሁ ቤት ወራሾች በ1976 ዓ.ም. በተዋናይቱ በጄን ቢርኪን ስም የተጠራውን የሴት ቦርሳ አወጡ፤ ለእርስዋ የተሠራው የመጀመሪያው ቦርሳም በ2017 ዓ.ም. በፓሪስ ሐራጅ በ8.6 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጠ።

ይህ ዋጋ የቆዳው ነውን? አይደለም። ስፌቱ የሠለጠነ እጅ ሥራ መሆኑን አንክድም፤ ነገር ግን ቦርሳ ምንም ቢያምር ከቦርሳነት አያልፍም። ከስፌቱ በላይ የሚከፈለው ለስሙና ለዝናው፥ እንዲሁም ዕቃው እንደ ልብ ስለማይገኝ ነው።

እንግዲህ ሁለቱን ስናስተያይ፥ በዚያ ስም ዕቃውን ከሥራው በላይ ከፍ አደረገው፤ በዚህ ደግሞ ስም ሠሪውን ከሥራው በታች ጣለው። ስሕተቱ ግን አንድ ነው፤ ይኸውም እጅን ትቶ ስምን መመዘን ነው። የአገራችን ወጣት በውጭ ስም ከመደነቁ አስቀድሞ በሰፈሩ ቆዳ ሠሪ ላይ የተጫነውን ስድብ ቢያነሣ፥ ለሙያውም ለአገሩም የሚበጅ ይመስለናል።