ደብዳቤ እንደ ጋዜጣ፦ የምዕራቡ ግንባር ጽሕፈት በ1932 እና በ1933 ዓ.ም.



ወታደሮች በጦር ሜዳ በእጃቸው የጻፏቸው ጋዜጦች በአውሮፓ የታሪክ ጥናት የታወቁ ምንጮች ናቸው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የፈረንሳይ ወታደሮች በምሽግ ውስጥ ቀልድ፣ ግጥምና የግንባር ወሬ እየጻፉ፣ ሲሆንላቸውም በቀላል መሣሪያ እያባዙ ይነባበቡ ነበር። እንግሊዞችም እ.ኤ.አ. በ1916 በፈራረሰችው ኢፕር ከተማ ያገኙትን ማተሚያ አስነሥተው የራሳቸውን ጋዜጣ አውጥተዋል። የዛሬው ጥያቄዬ ከአሶሳ እስከ ኦሜድላ በተዘረጋው በእኛ ግንባር ይህን ሥራ የሠራው የትኛው ጽሑፍ ነው የሚል ነው። መልሴም ደብዳቤው ነው።

በእጅ የሚጻፍ ጋዜጣ ለኢትዮጵያ እንግዳ አልነበረም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ግሪካዊው እንድርያስ ካቫዲያስ የጀመረው «አእምሮ» በመጀመሪያ የወጣው በእጅ ተጽፎ በ24 ቅጂ ነበር። ያ ግን የቤተ መንግሥት ጋዜጣ ነው፤ አንባቢው መኳንንቱ ነበሩ። የአርበኛው ጽሕፈት የወጣው ከሌላ ቤት ነው። የጦር አለቃ ጸሐፊ ነበረው፤ ጸሐፊውም ብዙውን ጊዜ ፊደል የቆጠረው በቤተ ክህነት ነው። ደብዳቤው ቀን፣ ቦታና ማኅተም አለው። ከሰላምታው ቀጥሎ የጠላትን ብዛት፣ የተያዘውን ምሽግ፣ የሞተውንና የከዳውን ይዘረዝራል። ለአንድ ሰው ቢላክም ድምፅ ከፍ ተደርጎ ለብዙ ጆሮ ይነበባል።

ልዩነቱን ግን ልንሸፍነው አይገባም። የምሽግ ጋዜጣ በአለቆቹ ይሣለቃል፤ ደብዳቤው የሚናገረው በአለቃው አፍ ነው። ጥይት ይለምናል፣ ሹመት ይጠይቃል፣ ጎረቤት አለቃን ይከሳል። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ኮሎኔል ሳንድፎርድ ድንበሩን ወደ ጎጃም ሲሻገር፣ በንጉሠ ነገሥቱ ወኪልነት የገቡት አዛዥ ከበደ ተሰማ ከከባዱ ሥራቸው አንዱ እነዚህን አለቆች ማስማማት ነበር፤ «የታሪክ ማስታወሻ» የተሰኘው መጽሐፋቸው ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ስለዚህ ወሬውን ከልመናው ለይቶ መመዘን የአንባቢው ፈንታ ነው። የተራውን ወታደር ድምፅ የሚሻ ደግሞ ወደ ፉከራውና ወደ ቀረርቶው ይሂድ።

የታተመው ወረቀት የመጣው ከካርቱም ነው። የጌርኒካን መደብደብ ለዓለም ያሳወቀው ጋዜጠኛ ጆርጅ ስቲር በዚያ የፕሮፓጋንዳውን ሥራ ይመራ ነበር። የይሁዳ አንበሳ ማኅተም ያለበት አዋጅ ከአውሮፕላን ተበተነ፤ «ባንዲራችን» የተባለው ጋዜጣም ታተመ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ ገብተው ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ፤ ከዚያም ወደ በላያ ተጓዙ። የሠራዊቱን ጭነት የተሸከሙት ግመሎች በየመንገዱ አለቁ። በአዲስ አበባ ጋዜጣው «ሰንደቅ ዓላማችን» ተብሎ ቀጠለ። የዓረብኛው አቻው «አል-ዐለም» ይባላል። ስሙ ለአማርኛ ጆሮ «ዓለም» ቢመስልም በዓረብኛ ትርጉሙ ያው ሰንደቅ ዓላማ ነው።

ዓረብኛውን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የቤላ ሻንጉል መሳፍንት የጽሕፈት ቋንቋ ዓረብኛ ነበር፤ ሼክ ሖጀሌ አልሐሰን ደብዳቤ የሚያጽፉት በዓረብኛ ነው። ከእናንተ መካከል የዚህን ክልል ታሪክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ምንጮች ብቻ ለመጻፍ የሚያስብ ቢኖር፣ ከመነሻው ግማሹን ጉባኤ አስወጥቶ እንደሚጀምር ይወቀው። ይህን የምለው በብርቱ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፎቻችን ሁነኛ ጉድለት ይህ ይመስለኛልና።

ሌላም ባለድርሻ አለ። መጋቢት 2 ቀን 1933 ዓ.ም. አሶሳን ከኢጣሊያ እጅ ያስለቀቁት በቤልጂግ መኮንኖች የሚመሩ የኮንጎ ወታደሮች ናቸው። በዚያው ወር ጋምቤላን፣ በሰኔ መጨረሻ ገደማም ሳዮን፣ ማለትም ደምቢ ዶሎን፣ ያዙ። ጎጃምን ማዕከል ባደረገው ትረካችን እነዚህ ሰዎች ከአንድ መስመር በላይ ቦታ አያገኙም። በኪንሻሳ ግን «አሶሳ» የሚባል ጎዳና አለ፤ «ጋምቤላ» እና «ሳዮ» የሚባሉም አሉ። የዚያ ሰፈር ነዋሪ ዛሬም አድራሻውን ሲጽፍ የዚህችን ከተማ ስም ይጽፋል።