ጠያቂው በስልክ ሲመጣ

እኛ አገር የታመመ ሰው ጠያቂ አያጣም። ጠያቂ ብርቱካኑን በፌስታል አንጠልጥሎ ይመጣል፣ «እግዜር ይማርህ» ይላል፣ ከአልጋው ግርጌ ይቀመጥና ወዲያው ሕክምናውን ይጀምራል። አንዷ ዳማከሴ ታዛለች። ሌላው «ያንን ኪኒን ተወው፣ ኩላሊት ይጨርሳል» ይላል። ሦስተኛው ጸበል ይጠቁማል፤ የሚሄድበትን አውቶቡስ ጭምር። በሽተኛው ራሱ ምን እያሰበ እንደሆነ የሚጠይቀው ግን እምብዛም ነው። ቢጠየቅም መልሱን ሳይጨርስ «አይዞህ፣ ምንም አትሆንም!» ተብሎ ይቋረጣል።

መቼም ለመንቀፍ አይደለም። ሐኪም በሌለበት ዘመን ሰውን ያቆየው ይኸው መጠያየቅ ነው። ግን ወጉ የተሠራው ወይ ተሽሎት ለሚነሳ ወይ ለሚቀበር በሽተኛ ነበር። ሁለቱንም ሳይሆን፣ ዕድሜ ልኩን መድኃኒት እየዋጠ ሥራ ለሚገባና ለሚወጣ ሰው የሚሆን ወግ አልነበረንም። እድርም ብትሉ ዋናው ሥራው ቀብር ነበር።

ይህን ጉድለት ገልጦ ያሳየን ኤችአይቪ ነው። በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በ1978 ዓ.ም ከታወቁ በኋላ፣ ለብዙ ዓመታት በሽተኛው ከበሽታው እኩል ጠያቂን ይፈራ ነበር። ጠያቂ ካየ ያወራል፤ ከተወራ አከራይ «ቤቱን ለዘመድ ፈልጌው ነበር» ይላል፣ ልጆች ተለይተው ይታያሉ። ስለዚህ የታመመ ሰው በሩን ዘጋ። በ1990ዎቹ «ወገን» የተባለው ነጻ የስልክ መስመር በ952 ሥራ ሲጀምር ብልሃቱ ይህን በር ማለፉ ላይ ነበር። ደዋዩ ስሙን አይጠየቅም፣ ፊቱ አይታይም፣ ሳንቲም አያወጣም። በወዲያኛው ጫፍ የሠለጠነ አማካሪ አለ። ስሙ ራሱ በደንብ የታሰበበት ይመስለኛል፤ ወገን የሌለው ሰው ነበርና የሚደውለው።

በስልክ ማስታመምን እኛ አልጀመርነውም። በ1953 እ.ኤ.አ ለንደን ውስጥ ቻድ ቫራህ የተባለ ቄስ ራሳቸውን ሊያጠፉ ለሚያስቡ ሰዎች የስልክ ቁጥር አወጣ። ሰው በአካልም ይመጣ ስለነበር፣ ቄሱ እስኪደርስለት ሻይ የሚቀዱና የሚያጫውቱ በጎ ፈቃደኞች ተቀመጡ። ኋላ ላይ ቫራህ አንድ ነገር አስተዋለ። ብዙዎቹ እሱን ሳያገኙ ቀሏቸው ይሄዳሉ! ሻይ የቀዱት ሰዎች ያደረጉት ነገር ቢኖር ማዳመጥ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሥራውን ለእነሱ ለቀቀላቸው፤ ድርጅቱም በደጉ ሳምራዊ ስም ሳማሪታንስ ተባለ። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ዲግሪ ሳይሆን አፍን መግታት መሆኑ የታወቀው እንዲህ በአጋጣሚ ነው።

አፍን መግታት ደግሞ ለእኛ ሰው ቀላል አይደለም። ይህን ለማየት አቃቂ ቃሊቲን ማሰብ ይበቃል። ከጣልያን ወረራ በፊት የንጉሠ ነገሥቱን ድምፅ ወደ ውጭ አገር ያሰማው የራዲዮ ጣቢያ የቆመው እዚያ አቃቂ ነው። ዓለም ሰማ፣ ግን አላዳመጠም፤ ወደ ጉዳያችን ልመለስ። ክፍለ ከተማው የፋብሪካ ሠራተኛ፣ የጉምሩክና የከባድ መኪና ሾፌር አገር ነው። ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በ1995 ዓ.ም በክፍያ፣ በ1997 ዓ.ም ደግሞ በነጻ መሰጠት ሲጀምር፣ ከእንዲህ ያለ ሠፈር ታክሲ እየቀያየረ መሀል ከተማ ድረስ የሚሄድ ነበር፤ አንዳንዱም ሆን ብሎ፣ ጎረቤት እንዳያየው። ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል እዚያው የተከፈተው ኋላ ነው። መድኃኒቱ አንዴ ከተጀመረ አይቋረጥም። ሾፌሩ ጅቡቲ ሲመላለስ ቀጠሮው ያልፈዋል፤ የፋብሪካ ሠራተኛዋ አለቃዋን ፈቃድ መጠየቅ ያሳፍራታል። ታካሚ ከመዝገብ ሲጠፋ ፈልጎ መመለሱ ራሱ ሥራ ሆነ። ሥራውንም የያዙት ሐኪሞች ሳይሆኑ ብዙ ጊዜ ራሳቸው ቫይረሱ በደማቸው ያለ ደጋፊዎች፣ ከእድር የተመለመሉ የቤት ለቤት ተንከባካቢ እናቶችና የሠፈር ወጣቶች ነበሩ። በእግር ያልተደረሰበት በስልክ ይፈለግ ጀመር።

ችግሩ ስልኩ ነው። ሞባይል በ1991 ዓ.ም ቢገባም ለዓመታት የድሃ ዕቃ አልነበረም። በሽተኛው መዝገብ ላይ ያስሞላው ቁጥር የጎረቤት ወይም የሱቅ ነው። ትደውላላችሁ፣ አንድ ልጅ ያነሳል፣ «ከየት ነው?» ይላል። «ከሆስፒታል» ካላችሁ ምስጢሩ አለቀ፤ ልጁ ግቢው መሀል ቆሞ ይጣራል። ስለዚህ የሥልጠናው መጀመሪያ የሰውነት ክፍሎች ሥዕል አይደለም፣ ስልክ አነጋገር ነው። የተፈለገው ሰው ራሱ እስኪመጣ ድረስ የጤና ተቋም ስም አይጠራም። ከመጣም በኋላ የሚቀድመው ጥያቄ «አሁን ማውራት ይመችሃል?» ነው። አጠገቡ ሰው ካለ፣ «አዎ» እና «አይደለም» ብሎ ሊመልሳቸው የሚችላቸው ጥያቄዎች ብቻ ይቀርባሉ።

ከዚያ ዋናው ፈተና ይመጣል። ሠልጣኞች ፊት እንዳይተያዩ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው፣ አንዱ በሽተኛ አንዱ ተቀባይ ሆነው ይለማመዳሉ። «ኪኒኑ ሰልችቶኛል» ይላል በሽተኛው። ተቀባይዋ ምን ትላለች? ልጅ አሳድጋ፣ ሠርግ አስታርቃ፣ ለቅሶ አጽናንታ ያረጀች እናት «ተው እንጂ የኔ ልጅ፣ ለልጆችህ ስትል!» ትላለች። ስህተት ነው። ከልቧ ያለችው ነው፣ ግን ስህተት ነው። ሰውየው ከዚያ በኋላ እውነቱን አይነግራትም፤ «እሺ» ብሎ ይዘጋል፣ ኪኒኑንም አይውጥም። ማለት የነበረባት «መቼ መቼ ነው በጣም የሚሰለችህ?» ነው። ከዚያ ዝም። ይህችን ዝምታ ማስተማር ስለ ቫይረሱ ከማስተማር ይከብዳል። አጉል ምክር አለመስጠት ለእኛ ሰው እንደ ንፉግነት ይታያል።

ዝምታውም ልክ አለው። ብዙ ሰው መድኃኒቱን ትቶ ወደ እንጦጦ ማርያም ጸበል በወጣበት ወቅት፣ ደዋዩ «ልተወው ወይ?» ሲል ዝም ማለት ሰው መግደል ነው፤ «ጸበል ከንቱ ነው» ማለትም ስልኩን ያዘጋል። በ1999 ዓ.ም ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንና መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ሲናገሩ፣ ምእመን ለሆነ ደዋይ የሚነገር የታመነ ቃል ተገኘ።

ያ ልምድ ለስኳርና ለደም ግፊትም ይሆናል። ፍሪጅ የሌላት እናት ኢንሱሊኗን ውኃ ባረጠበው የሸክላ ዕቃ ማቀዝቀዝ እንደምትችል በስልክ ሊነገራት ይችላል፤ መጠኑን መቀነስና መጨመር፣ ጾም መግባት አለመግባት ግን የሐኪም ነው፣ በጎ ፈቃደኛ አይነካውም። በ2012 ዓ.ም ኮሮና ሲገባ ሆስፒታል መሄድ ራሱ አስፈራ። የረጅም ጊዜ ሕሙማን የብዙ ወር መድኃኒት ተሰጥቷቸው ቤት ሲቀመጡ፣ 8335ን የማያውቅ አልነበረም፤ «እንዴት አደርክ» የሚል ስልክም ከኪኒኑ እኩል ተፈለገ።

አንድ ነገር ብቻ ሁሌ ይከነክነኛል። በጎ ፈቃደኛዋ ስትሠለጥን የራሷን ቁጥር እንዳትሰጥ ይነገራታል። የፕሮጀክቱ ስልክ ካርድ ሲያልቅ ግን በራሷ ትደውላለች፤ ቁጥሩ እዚያው ይቀራል። ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ፕሮጀክቱ «ፌዝ አውት» አደረገ ይባላል። ቢሮው ይዘጋል፣ አበሉ ይቆማል፣ መዝገቡ ወደማይታወቅ ካዝና ይገባል። የእሷ ስልክ ግን ማታ ማታ፣ ሽሮው ምድጃ ላይ እንዳለ፣ ይጮሃል። ታነሳለች። ልጇ «ማነው?» ይላታል፤ እሷም እንደተማረችው «ዘመድ ነው» ትለውና ወደ ደጅ ትወጣለች።