የፍንጭት መዝጊያ ሕክምና

በተለይ በሁለቱ የላይኛው የፊት ጥርሶች መካከል ያለን ክፍተት ለመልክ ሲባል የሚዘጋ የጥርስ ሕክምና ነው። ፍንጭት እንደ ውበት በሚቆጠርበት በእኛ አገር ግን ሁሉም አይፈልገውም።

ፈጣኑ መንገድ ኮምፖዚት ነው። ሐኪሙ የጥርሱን ጠርዝ በፎስፎሪክ አሲድ ያሻክራል፤ ማጣበቂያ ይቀባል፤ ከዚያ የጥርስ ቀለም ያለውን ለስላሳ መሙያ በስሱ እየደረበ በሰማያዊ ብርሃን ያጠነክረዋል። በአሲድ የማሻከሩን ዘዴ የጥርስ ሐኪሙ ማይክል ቡኖኮር በ1955 እ.ኤ.አ. አስተዋወቀ። ብዙ ጊዜ መሞረድ አያሻም፤ ሆኖም ሊሸረፍ፣ በቡናና በሻይም ቀለሙ ሊለወጥ ይችላል። በጥርሱ ፊት ላይ የሚለጠፈው ስስ ሽፋን፣ የፖርሴሊን ቬኒር፣ የበለጠ ይቆያል፤ ግን ብዙ ጊዜ ጥርሱን መሞረድ ይጠይቃል፤ የተሞረደ ኢናሜል (የጥርሱ ጠንካራ የውጭ ሽፋን) ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም።

ለሰፊ ክፍተት ብሬስ (የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ) ይመረጣል። ሲፈታ ጥርሶቹን በቦታቸው የሚይዝ ማቆያ ካልተደረገ ፍንጭቱ ተመልሶ ሊከፈት ይችላል። ልጆች ላይ መቸኮል አይገባም፤ ቋሚ ክራንቻዎች ሲወጡ ክፍተቱ ብዙ ጊዜ በራሱ ይገጥማል። በጉልምስና አዲስ የመጣ ፍንጭት የድድ በሽታ ምልክት ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ድዱ ይመረመራል።