ጀበናዋና ሠሪዋ

ለማኅበራችን ቡና ከሾላ ገበያ የገዛናትን ጀበና ሁላችንም እናሞግሳለን፤ ማን ሠራት ብሎ የጠየቀ ግን የለም። አያቴ ሸክላ ሠሪዋን በዋጋ ትከራከራት ነበር እንጂ ከደጃፍ አታሳልፋትም ነበር፤ «ቡዳ ናት» ተብሎ። በእሷ ድስት የተሠራውን ወጥ ግን ቤተሰቡ ሁሉ ይበላል። በሒሳብ ሙያዬ ብዙ መዝገብ ዘግቻለሁ፣ ይህ ግን አይዘጋልኝም።

ጎንደር አጠገብ ወለቃ የነበሩት የቤተ እስራኤል ሴቶችም እንዲሁ ይባሉ ነበር። ርስት ስለተነፈጉ ወንዶቹ ብረት ቀጠቀጡ፣ ሴቶቹ ሸክላ ሠሩ፤ ሙያው ራሱ መሰደቢያ ሆነባቸው። በኋላ ጎብኚ ሲበዛ ከድስትና ከእንስራ አልፈው ትንንሽ ምስሎች መሥራት ጀመሩ፦ አንበሳ፣ እናትና ልጅ፣ የዳዊት ኮከብ። የሚሰደቡበትን ማንነት በገዛ ጭቃቸው ላይ አተሙት።

ማንነትን በሸክላ መናገር የእነሱ ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊው ሸክላ ሠሪ ግሬሰን ፔሪ የሴት ልብስ መልበሱን ሳይደብቅ በማሰሮዎቹ ላይ ሥሎታል፤ በ2003 እ.ኤ.አ. የተርነርን ሽልማት የተቀበለውም ቀሚስ ለብሶ ነው። እሱን ዓለም በስሙ ያውቀዋል። የወለቃዎቹ ግን የብዙዎቹ ስም ከሥራቸው ጋር አልተጻፈም።

ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ከዚሁ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ተጓዙ። ዛሬ ወለቃ ላይ ምስሎቹን የሚሠሩት ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ናቸው፤ ኮከቡም አልቀረም።